ያልጠበቁትን ውጤት ይዞ ወደ መምህር መሄድ

ጥያቄ፦ «የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በአንድ ኮርስ ከማጠቃለያ ፈተናው በፊት ከ50 ነጥብ 41 ይዤ ስለነበር ቢያንስ ቢ ፕላስ እጠብቅ ነበር፤ የወጣልኝ ግን ሲ ፕላስ ነው። ከእኔ ማስታወሻ እየተዋሰ ያጠና ጓደኛዬ የተሻለ ውጤት አግኝቷል። ፕሮፌሰሩ ኮስታራ ናቸው፤ ውጤት ቀይረው አያውቁምም ይባላል። ሄጄ ላነጋግራቸው ወይስ ልተወው? ከሄድኩስ ምን ብዬ ልጀምር? ነጻ የትምህርት ዕድሌ በአማካይ ውጤቴ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ልንገራቸው?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣

ሄደው ያነጋግሯቸው። የታረመ የፈተና ወረቀትን ማየትና ነጥብ የተቀነሰበትን ቦታ መጠየቅ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ደንብ የታወቀ የተማሪ መብት ነው፤ እንደ ድፍረትም ሆነ እንደ ክስ ሊቆጠር አይገባም። ይሁንና «ውጤቴ ይስተካከልልኝ» ብሎ መግባትና «ወረቀቴን አይቼ የጎደለኝን ማወቅ እፈልጋለሁ» ብሎ መግባት እጅግ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው መምህሩ ወረቀቱ ገና ሳይገለጥ እንዲወስኑ ያስገድዳቸዋል፤ እንዲህ የተጠየቀ መምህር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «አይሆንም» ብሎ ይመልሳል። በሁለተኛው ግን ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ይወጣል። ስሕተት ካለ የሚገኘው፣ ስሕተት ከሌለም እርስዎ አንድ ነገር ተምረው የሚወጡት ከዚያ ወረቀት ነው።

ከመሄድዎ በፊት ግን አንድ ቀላል ስሌት ይሥሩ። በኮርሱ መግለጫ ላይ ቢ ፕላስ ከ75 የሚጀምር፣ ሲ ፕላስ ደግሞ ከ60 እስከ 64 ያለውን የሚይዝ ነው እንበል። 41 ይዘው ወደ ማጠቃለያው ከገቡ ቢ ፕላስ ለማግኘት ከ50 ነጥብ 34 ያስፈልግዎት ነበር፤ የወጣልዎት ሲ ፕላስ ከሆነ ግን ያገኙት ከ19 እስከ 23 ባለው ውስጥ ነው ማለት ነው። በጠበቁትና ባገኙት መካከል ያለው ልዩነት ቢያንስ 11 ነጥብ ነው። ይህ ቁጥር ምን መፈለግ እንዳለብዎ ስለሚነግርዎ ትልቅ ቁም ነገር አለው። የአንድ ወይም የሁለት ነጥብ ልዩነት ከመደመር ስሕተት ወይም ከአራሚው ጥብቅነት ሊመጣ ይችላል። የ11 ነጥብ ጉድለት ግን አንድ ሙሉ ጥያቄ ሳይታረም ወይም ሳይመዘገብ ቀርቷል፣ አለዚያም መልሶቹ በሙሉ ከሚፈለገው ደረጃ በታች ነበሩ የሚል ጥርጣሬ ያሳድራል። በሌላ በኩል ውጤቱ የወጣው ተማሪዎች ፊክስድ በሚሉት ቋሚ መለኪያ ሳይሆን የክፍሉን ተማሪዎች እርስ በርስ በማነጻጸር ከሆነ ወሰኖቹ አስቀድመው አይታወቁም፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት የትኛው መለኪያ በሥራ ላይ እንደዋለ ከኮርሱ መግለጫ ያጣሩ። ይህን ሳያውቁ የሚቀርብ ቅሬታ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ይወድቃል።

ዝቅ ያለ ውጤት ከሁለት ዓይነት ምክንያት በአንዱ ይመጣል፤ አንደኛው የአሠራር ስሕተት፣ ሁለተኛው የዳኝነት ጉዳይ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ መነጋገር ትክክለኛውን አቤቱታ እንኳ ያበላሻል።

የአሠራር ስሕተት ሰዎች ከሚገምቱት በላይ የሚያጋጥም ነው፤ በውጤት ቅሬታ ሥራ ውስጥ የቆየ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው የተለመዱ መደበቂያዎችም አሉት። መልሱ በቀጣዩ ገጽ ጀርባ ላይ ሲቀጥል አራሚው ገጹን ሳይገልጥ ያልፋል። ተጨማሪ የመልስ ወረቀት የወሰደ ተማሪ ሁለተኛው ወረቀት ከመጀመሪያው ተለይቶ ሌላ ክምር ውስጥ ይገባል። በውስጥ ገጽ ላይ 11 ተብሎ የተጻፈው ነጥብ በሽፋኑ ሠንጠረዥ ላይ 1 ተብሎ ይገለበጣል። ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ደግሞ አንድ ረድፍ ወደ ታች በመንሸራተቱ ብቻ የአንዱ ተማሪ ነጥብ ለሌላው ይመዘገባል፤ እንዲህ ያለው ስሕተት አንዴ ከጀመረ ከዚያ በታች ያሉትን ተማሪዎች ሁሉ ይነካል። በሕመም ምክንያት ዘግይተው የወሰዱት ኩዊዝ ወይም በኢሜይል የላኩት አሳይመንት ባዶ ሆኖ ከቆየ በኋላ ሲስተሙ እንደ ዜሮ ሊደምረውም ይችላል። እነዚህ ሁሉ ወረቀቱና መዝገቡ ጎን ለጎን ሲታዩ በዓይን የሚረጋገጡ ስለሆኑ ክርክር አያስፈልጋቸውም። መምህሩ የቱንም ያህል ኮስታራ ቢሆኑ የተሳሳተ ድምር የሚከላከሉበት ምክንያት የላቸውም።

የዳኝነት ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ከ8 ነጥብ 3 የሰጠ አራሚ 5 ሊሰጥ ይችል ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ በመደመር አይፈታም። የሰው እርማት እንደሚለያይ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነው። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ዳንኤል ስታርችና ኤድዋርድ ኤልዮት እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተሙት ጥናት አንድ የጂኦሜትሪ ፈተና ወረቀት ከመቶ በላይ ለሚሆኑ የሒሳብ መምህራን እንዲታረም ተሰጥቶ፣ ለዚያው ወረቀት የተሰጠው ነጥብ ከ100 ከ28 እስከ 95 ድረስ ተራርቆ ተገኝቷል። የመልስ ቁልፍና የነጥብ አከፋፈል መመሪያ አዘጋጅቶ ማረም ዛሬ እንደ ግዴታ የሚታየው እንዲህ ያለውን መራራቅ ስለሚያጠብ ነው፤ ማጥበቡ ግን ማጥፋት አይደለም። በዚህም ምክንያት የይግባኝ ደንቦች ብዙውን ጊዜ ሂደቱን ይመረምራሉ እንጂ የመምህሩን ሙያዊ ዳኝነት በሌላ ዳኝነት አይተኩም። ለምሳሌ የእንግሊዝና የዌልስ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ የተማሪዎችን አቤቱታ የሚያይ ገለልተኛ አካል እንዲኖር ቢደነግግም፣ አካዳሚያዊ ዳኝነትን የሚመለከተውን ከሥልጣኑ ውጭ አድርጎታል። ለእርስዎ ይህ ማለት የዳኝነት ጥያቄዎን በሙሉ አቅምዎ ማቅረብ የሚችሉት በፕሮፌሰሩ ቢሮ ውስጥ ነው ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያሉት አካላት የሚሰሙት በዋናነት የመጀመሪያውን ዓይነት ነው።

እዚህ ላይ ደስ የማይል ነገር መናገር አለብኝ። «በደንብ ሠርቼ ነበር» የሚለው ስሜት እውነተኛ ስሜት ቢሆንም አስተማማኝ ማስረጃ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ አንድን ጽሑፍ በአራት የንባብ ክፍለ ጊዜዎች ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ ያስታወሱት ወደ 40 ከመቶ ያህሉን ሲሆን፣ በአንዱ ክፍለ ጊዜ አንብበው በሦስቱ ጽሑፉን ሳያዩ ራሳቸውን የፈተኑት ግን 61 ከመቶ ያህሉን አስታውሰዋል። እናስታውሳለን ብለው ይበልጥ የተማመኑት ደግሞ ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ማስታወሻን ደጋግሞ ማንበብ ነገሩን ለዓይን ያላምደዋል፤ የለመድነው ሁሉ የምናውቀው ይመስለናል። ማስታወሻው የእርስዎ ሆኖ ሳለ ጓደኛዎ የተሻለ ማግኘቱም ከዚህ ጋር ሊያያዝ ይችላል፤ እርስዎ የጻፉትን ሲያነቡ እሱ ምናልባት በዚያው ማስታወሻ ራሱን እየጠየቀ ያጠና ነበር። ምናልባትም አይደለም፤ ነገር ግን የእሱ ውጤት ስለ እርስዎ ወረቀት ምንም አይናገርም። ስለዚህ በውይይቱ ውስጥ ጓደኛዎን ፈጽሞ አያንሡ። መምህሩ ስለ ሌላ ተማሪ ውጤት ከእርስዎ ጋር መነጋገር አይችሉም፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የጓደኛዎን ወረቀት እንደገና እንዲያዩ ምክንያት መስጠትዎ ነው።

ወረቀቱ ፊትዎ ሲቀመጥ ምን እንደሚያዩ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። «የአንድ አገልግሎት ዋጋ ሲጨምር የሌላው ፍላጎት ለምን ሊያድግ እንደሚችል በምሳሌ ያስረዱ» የሚል 8 ነጥብ የሚይዝ የኢኮኖሚክስ ጥያቄ ቀርቧል እንበል። ተማሪው ሙሉ ገጽ ጽፏል፤ የፍላጎትን ትርጉም፣ የፍላጎትን ሕግ፣ ፍላጎትን የሚወስኑ ነገሮችን፣ ማለትም ገቢን፣ የተዛማጅ ሸቀጦችን ዋጋ፣ የሸማቾችን ምርጫና ቁጥር እንዲሁም ስለ ወደፊቱ የሚኖረውን ግምት በቅደም ተከተል ዘርዝሯል። ከጻፈው አንድም ስሕተት የለም። ያገኘው ግን 3 ነው። የመልስ ቁልፉ ሲገለጥ 2 ነጥብ ሁለቱ አገልግሎቶች ተተኪ መሆናቸውን ለጠቀሰ፣ 4 ነጥብ ሸማቹ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበትን ምክንያት ደረጃ በደረጃ ላብራራ፣ 2 ነጥብ ደግሞ ምሳሌ ለሰጠ ይላል። ተማሪው ስለ ተዛማጅ ሸቀጦች ዋጋ ከጻፈው አንድ መስመር 2፣ ከማብራሪያው ክፍል 1 አግኝቷል፤ የባቡር ዋጋ ሲጨምር ተሳፋሪው ወደ አውቶቡስ እንደሚዞር የሚያሳይ አንዲት ምሳሌ እንኳ አልጻፈም። ይህ ተማሪ ኮርሱን ያውቃል፤ የተጠየቀውን ግን አልመለሰም። በጥያቄዎቹ ሁሉ ላይ እንዲህ ከሆነ ከ50 ነጥብ 20 አካባቢ ማግኘቱ የሚያስገርም አይደለም፤ «ብዙ ጽፌ ነበር» ማለቱም አይረዳውም።

አሁን ወደ ንግግሩ ልምጣ። ውጤቱ በወጣበት ዕለት አይሂዱ፤ ቁጣና ሐዘን ባለበት ልብ የሚጠየቅ ጥያቄ ክስ ይመስላል። ነገር ግን አይዘግዩ፤ የቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜ በብዙ ተቋማት በጣም አጭር ስለሆነ ማብቂያውን ከሬጅስትራር ወይም ከተማሪዎች መመሪያ መጽሐፍ ዛሬውኑ ይወቁ። ከትምህርት በኋላ በኮሪደር ላይ አያስቁሟቸው፤ አጭር መልእክት ይላኩላቸው፦

«ለተከበሩ ፕሮፌሰር፣ በዚህ ሴሚስተር ኮርስዎን የወሰድኩ ተማሪ ነኝ። የማጠቃለያ ፈተና ወረቀቴን ለማየትና ነጥብ የጎደለኝን ቦታ ለመረዳት እፈልጋለሁ። ተማሪዎችን በሚያነጋግሩበት ሰዓት፣ በሚመችዎ ቀን እንድመጣ ቢፈቅዱልኝ አመሰግናለሁ። ከአክብሮት ሰላምታ ጋር።»

ከዚህ ሥር ስምዎን፣ የመታወቂያ ቁጥርዎንና ክፍልዎን ይጻፉ። በመልእክቱ ውስጥ በፊደል ስለተሰጠዎት ውጤት፣ ስለ ድካምዎ ወይም ስለ ፍትሕ ምንም አይጨምሩ። መልእክቱ በኋላ አስፈላጊ ቢሆን ጉዳዩን በጊዜው እንዳነሡ የሚያስረዳ ጽሑፍም ይሆንልዎታል።

ቢሮ ሲገቡ የኮርሱን መግለጫ፣ የታረሙ አሳይመንቶችንና የተከታታይ ምዘና ነጥቦችዎን ይያዙ፤ እስክሪብቶዎ ግን ቦርሳዎ ውስጥ ይቆይ። የመልስ ወረቀት የተቋሙ ሰነድ ስለሆነ በእጅዎ ሳለ አንዲት ጭረት እንኳ ቢጨመርበት ጉዳዩ ከውጤት ወደ ሥነ ምግባር ይዞራል። በስልክ ፎቶ ማንሣት ከፈለጉ አስቀድመው ይጠይቁ። በመጀመሪያ ገጾቹን ሁሉ ገልጠው ያልታረመ መልስ እንደሌለ ይመልከቱ፤ ቀጥሎ የውስጡን ነጥብ ከሽፋኑ ጋር፣ ሽፋኑን ከመዝገቡ ጋር ያስተያዩ። ይህን ሲጨርሱ ብቻ ወደ መልሶቹ ይዘት ይለፉ።

ስለ ይዘቱ ሲጠይቁ «ለምን ቀነሱብኝ?» ከማለት «በሦስተኛው ጥያቄ ሙሉ ነጥብ የሚያገኝ መልስ ምን መያዝ ነበረበት?» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ እሳቸው ነው፤ ስለዚህ ራሳቸውን ይከላከላሉ። ሁለተኛው ስለ መልሱ ነው፤ ስለዚህ ያስተምራሉ። የመልስ ቁልፉን ከነገሩዎት በኋላ በወረቀትዎ ላይ ያ ነገር በእርግጥ ካለ መስመሩን በጣትዎ ያሳዩና «እዚህ ላይ ይህንኑ ለመግለጽ ሞክሬ ነበር፤ በቂ ያልሆነው በምን ምክንያት ነው?» ይበሉ። ከዚያ ዝም ብለው ያስነብቧቸው። ተማሪዎች በዚህች ቅጽበት መናገር ይቀጥላሉ፤ አንባቢ ግን እየተነገረው በትክክል አያነብም። በዚህ መንገድ ሁለትና ሦስት ነጥብ የተመለሰላቸው አሉ፤ የተመለሰላቸውም መምህሩ ቀድሞ ያላዩትን ስላዩ እንጂ ስላዘኑላቸው አይደለም። በቃል ያስረዱት ነገር ወረቀቱ ላይ ከሌለ ግን ነጥብ አይሰጥበትም፤ ፈተናው የተወሰደው በጽሑፍ ነውና።

ስሕተት ከተገኘ «አልኩዎት» የሚል ፊት አያሳዩ። ወዲያው «ማስተካከያው በማን በኩል ያልፋል? እኔ የምሞላው ቅጽ አለ?» ብለው ይጠይቁ። የውጤት ለውጥ በመምህሩ ቃል ብቻ አይጠናቀቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ ፊርማዎችን አልፎ ሬጅስትራር መድረስ ስላለበት መዝገብዎ ላይ እስኪታይ ድረስ ይከታተሉት።

ኮስታራ ስለመሆናቸውና ውጤት ቀይረው ስላለማወቃቸው የሚወራውን ብዙ አይመኑት። ወደ መምህራን የሚሄዱት ተማሪዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ምሕረት ስለሆነ፣ ምሕረት የከለከለ መምህር «ቀይሮ አያውቅም» ይባላል። ይህ ግን ስሕተት ሲያዩ ምን እንደሚያደርጉ አይናገርም። እንዲያውም በእኔ ልምድ ጥብቅ መምህራን የመልስ ቁልፋቸውን በጥንቃቄ ያዘጋጃሉ፤ ስለዚህ ወረቀት ይዞ ለመጣ ተማሪ ከለዘብተኞቹ ይልቅ ግልጽ መልስ ይሰጣሉ። ሌላ ኮርስ ወደፊት ከእሳቸው ጋር የሚወስዱ ከሆነና ቂም ይይዙብኛል የሚል ስጋት ካለብዎ፣ ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መከላከያውም በጽሑፍ መጠየቅ፣ በአክብሮት መናገርና ከውይይቱ በኋላ የተባባላችሁትን ጠቅሶ አጭር የምስጋና መልእክት መላክ ነው።

ነጻ የትምህርት ዕድልዎን ግን በዚያ ቢሮ ውስጥ አያንሡ። መረጃው እውነት ነው፤ ጭንቀትዎም ይገባኛል፤ ነገር ግን ነጥብ ለሥራ እንጂ ለችግር አይሰጥም። ይህን ያነሣ ተማሪ ሳያውቀው መምህሩን ለአንዱ እንዲያደሉ ይጠይቃል፤ ትክክለኛ አቤቱታ ይዞ ቢመጣ እንኳ አቤቱታው የልመና መልክ ይይዛል። ደግሞም ጉዳቱን አስልተው ይወቁት። በአብዛኞቹ ባለ 4 ነጥብ ሥርዓቶች በቢ ፕላስና በሲ ፕላስ መካከል ያለው ልዩነት 1 ነጥብ ነው። ኮርሱ የ3 ክሬዲት ሰዓት ከሆነና እስካሁን በድምሩ 90 ክሬዲት ሰዓት ወስደው ከሆነ፣ 3 ለ90 ሲካፈል ከጠቅላላ አማካይዎ ላይ የሚቀነሰው 0.03 ያህል ብቻ ነው። በ3.40 ላይ ላለ ተማሪ ይህ ወደ 3.37 መውረድ ነው። ልክ በወሰኑ ላይ ካሉ ግን ይህችም ታሳስባለች።

ወረቀቱን አይተው፣ ማብራሪያውን ሰምተው አሁንም የአሠራር ስሕተት እንዳለ የሚያምኑ ከሆነ ቀጣዩ በር የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ከዚያ በላይ ዲኑ። ፕሮፌሰሩን አልፎ በቀጥታ ወደ እነሱ መሄድ ግን አቤቱታውን ገና ከመነሻው ያዳክመዋል፤ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «መምህሩን አነጋግረዋል?» የሚል ነውና። አቤቱታው ከአንድ ገጽ የማይበልጥ፣ የጥያቄውን ቁጥር፣ የተሰጠውን ነጥብ፣ ይገባኛል የሚሉትን ነጥብና ምክንያቱን፣ እንዲሁም ከፕሮፌሰሩ ጋር የተነጋገሩበትን ቀን የያዘ ይሁን። ወረቀቱ በሌላ መምህር እንደገና እንዲታረም ከመጠየቅዎ በፊት የተቋምዎን ደንብ ያንብቡ። በአንዳንድ ተቋማት ሁለተኛው እርማት ከመጀመሪያው ቢያንስም የጸና ይሆናል፤ በሲ ፕላስ ታችኛው ጫፍ ላይ ላለ ተማሪ ይህ እውነተኛ አደጋ ነው። ከአንድ በላይ ጥያቄ ላይ ጠንካራ ምክንያት ከሌለዎ ይህን መንገድ አልመክርዎትም።

እርማቱ ትክክል ሆኖ ካገኙትም ከቢሮው ከመውጣትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፤ «በወረቀቴ ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው ጉድለት ምንድን ነው?» መልሱን እንደወጡ፣ ከአእምሮዎ ሳይጠፋ፣ በእሳቸው ቃል ይጻፉት። ከዚያ ወደ ነጻ ትምህርት ዕድሉ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ፤ የሚፈለገው አማካይ በየሴሚስተሩ ነው ወይስ በዓመቱ መጨረሻ የሚታየው፣ ከወሰኑ በታች የወረደ ተማሪ የማስጠንቀቂያ ሴሚስተር ይሰጠዋል ወይ፣ ኮርስ ደግሞ በመውሰድ የሚሻሻል ውጤትስ ይቆጠራል ወይ ብለው ይጠይቁ። ችግርዎን ለመናገር ትክክለኛው ቦታ እዚያ ነው፤ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ቀድመው ለቀረቡ ተማሪዎች የሚያደርጉት ነገርም ብዙውን ጊዜ ይኖራቸዋል።